ጥይት የሚውጥ ኮንክሪት

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለማየት ደባርቅ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ክፍያውን ጨርሶ ሲወጣ ጠመንጃውን ያነገተ አንድ የፓርክ ጠባቂ (ስካውት) አብሮት ይነሣል። የውጭ አገር ሰው በዚህ ሊደነቅ ይችላል፤ ለደባርቅና ለጎረቤቷ ለዳባት ሰው ግን ጠመንጃ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚያውቀው ዕቃ ነው። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነፍጥ ያከማቹት በዚህ ምድር ነበር። ካሳ ኃይሉም ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የንጉሡ የቅርብ ወዳጅ እንግሊዛዊው ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1860 የሞተው ደባርቅ አካባቢ በተደረገ ውጊያ ነው።

መሣሪያ የያዘ ሰው መለማመድ አለበት። የፓርክ ጠባቂውም ፖሊሱም ሚሊሻውም ዒላማ መምታት የሚማረው በመተኮስ ነው። ስለ ተኳሹ ዓይንና ስለ ጠመንጃው ብዙ ይወራል፤ አረሩ ዒላማውን በስቶ ካለፈ በኋላ የት እንደሚቆም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የክላሽ አረር 8 ግራም አይሞላም። ከአፈሙዙ ሲወጣ ግን በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የሚያቆመው ካላገኘ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። በደጋው ሜዳ ላይ ይህ ከአንዱ መንደር አልፎ ሌላው መንደር ያደርሳል። መሐሉ ላይ እረኛ አለ፣ ገብሱን የሚያርም ገበሬ አለ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው አለ።

«ተራራ ሞልቶ የለም እንዴ? ገደሉን ይዞ መተኮስ ነው» የሚል አይጠፋም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ስሜን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ ዓለት እየተደራረበ የሠራው ተራራ ነው። ጣሊያኖች የሊማሊሞን መንገድ ያወጡት ይህንኑ ጥቁር ድንጋይ እየፈለጡ ነው። አረር እንዲህ ያለውን ድንጋይ ፊት ለፊት ከመታው ተሰባብሮ ፍንጥርጣሪው ወደ ተኳሹ ይመለሳል፤ በአግድም ከገጨው ደግሞ ነጥሮ ማንም ወዳላሰበው አቅጣጫ ይበራል። ተራ የኮንክሪት ግንብም ብዙ አይሻልም፤ በውስጡ ያለው ጠጠር ያው የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ለዚህ መላ ከፈለጉት መካከል የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ይገኙበታል። ሚሲሲፒ ግዛት ቪክስበርግ ከተማ ባለው የምርምር ጣቢያቸው «ሳኮን» የተባለ ኮንክሪት ሠሩ። ወታደሮች በእውነተኛ ጥይት ከቤት ወደ ቤት እየዘለቁ ለሚለማመዱባቸው የሥልጠና መንደሮች ግድግዳ ሆኖ አገለገለ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ በፎርት ኖክስና በዌስት ፖይንት የተኩስ ሜዳዎች ላይ ተሞከረ።

ግንበኛ ሁሉ የሚደክመው ኮንክሪቱ እንዲጠነክር ነው። እዚህ ግን ድካሙ ኮንክሪቱ ደካማ እንዲሆን ነው፤ ያውም በልክ። ጠጠሩ ጨርሶ ይቀራል። ሲሚንቶ፣ ደቃቅ አሸዋና ውሃ ይቦካና ለብቻው የተመታ አረፋ ይቀላቀልበታል። ሲደርቅ ሆዱ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ይቀራል። አረሩ ሲገባ ቀዳዳዎቹ ይደረመሳሉ፤ እያንዳንዱ ሲደረመስ ከአረሩ ጉልበት ጥቂት ይወስዳል። በመጨረሻ አረሩ ራሱ በፈጨው ዱቄት ተከብቦ እውስጥ ይቆማል። ብሎኩን በመጋዝ የሰነጠቀ ሰው ከፊት ጠባብ ቀዳዳ፣ ከዚያ ዱቄት የሞላው መንገድ፣ ጫፉ ላይ የተጨፈለቀ እርሳስ ያገኛል።

አረፋው ብቻውን ቢሆን ግን ብሎኩ በጥቂት ጥይት ይፈርስ ነበር። ስለዚህ ቃጫ ይገባበታል። የስሜን ገበሬ ለቤቱ ጭቃ ሲያቦካ ጭድ የሚጨምረው ለዚሁ ነው፤ ጭዱ ስንጥቁ እንዳይሮጥ ይይዘዋል። ቃጫው ከብረትም ከፕላስቲክም ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አረር የማያነጥረው ፕላስቲክ ይሻላል።

ልኩ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ተራ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሳኮን ወደ 1,440 ይወርዳል። ገና በቦካው ቅልቅል ላይ ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ልኩ የታወቀ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ሞልቶ መመዘን ይበቃል። የባልዲው ክብደት ተቀንሶ 14 ኪሎ ተኩል ገደማ ከሆነ ደህና ነው። በጣም ከከበደ አረፋው ሞቷል፣ ብሎኩም ሊያነጥር ነው ማለት ነው። በጣም ከቀለለ ደግሞ አረሩ በስቶት ሊያልፍ ይችላል።

ሌላው ጣጣ እርሳሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል፤ ከሁሉ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው፣ ጉዳቱም አእምሯቸው ላይ ነው። ለዓመታት የተተኮሰበት አፈር እርሳስ ያከማቻል። ክረምቱ የሚያጥበው ይህ አፈር ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከፓርኩ ተራሮች የሚወርደው ውሃ የሚገባው ተከዜ ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን ደግሞ እርሳሱ ቶሎ ይሟሟል፤ ዝናብ በሚበዛበት ደጋችን የአፈር ኮምጣጣነት ገበሬው በሚገባ የሚያውቀው ችግር ነው። የሳኮን ትልቁ በረከት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ሲሚንቶው የኮምጣጣ ተቃራኒ ስለሆነና ቅልቅሉ ውስጥም ካልሲየም ፎስፌት ስለሚጨመር እርሳሱ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ያገለገለው ብሎክ ተፈጭቶ አዲስ ብሎክ ሊሠራበትም ይችላል፤ የሚፈጨው ሰው ግን አቧራውን እንዳይስብ መከላከያ ማድረግ የግድ ነው።

ይህን ሁሉ እንዳለ አምጥቶ ደባርቅ ላይ መትከል ግን አይቻልም። የአሜሪካው ሙከራ በአብዛኛው በኤም 16 ጠመንጃ ጥይት ነበር። የክላሽ አረር ከዚያ ይከብዳል፤ ብዙውም በሆዱ የብረት እምብርት ስላለው ጠልቆ ይገባል። ስለዚህ ውፍረቱ እንደገና መለካት አለበት። ቀዳዳ የበዛበት ኮንክሪት ውሃ ይጠጣል፤ ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ሌሊቱ ሲበርድ የጠጣው ውሃ በረዶ ሆኖ ሊሰነጥቀው ይችላል። ከላዩ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የውሃ መውረጃ ያስፈልገዋል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲተኮስም አዲሱ አረር የቀደመውን አረር እየመታ ይፈነጠራል፤ ብሎኩን በጊዜው ማዞርና መለወጥ ይገባል።

ዋጋውም አለ። ሲሚንቶ በመኪና ተጭኖ በጎንደር በኩል ይመጣል፤ የአረፋ ማውጫውና ቃጫው ደግሞ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አፈር ግን በነጻ ነው። ስለዚህ ለስሜን ግርጌ የሚበጀው ሁለቱን አጣምሮ መሥራት ነው፤ ከኋላ ድንጋዩ በወንፊት የተለየለት ረጅምና ወፍራም የአፈር ክምር፣ ከፊት ዒላማው በሚቆምበት ላይ ብቻ የአረፋ ኮንክሪት ብሎክ። ከዒላማው ፊት ያለው መሬትም ከድንጋይ መጽዳት አለበት። እርሳሱ እንዳይሟሟ አፈሩ ላይ ኖራ ይጨመርበት፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለተኩስ ሜዳ አፈር የሚመክረው የፒኤች ልክ ከ6.5 እስከ 8.5 ነው፣ በአማራ ክልልም ኖራ ለኮምጣጣ እርሻ የሚበተን የታወቀ ነገር ነው።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ብሎኬት የሚያመርቱ ወጣቶች አሏት፤ መተኮስ የሚያውቁ ስካውቶችና ፖሊሶችም አሏት። እነዚህ ተገናኝተው የተለያየ ውፍረት ያላቸው ጥቂት ብሎኮች ያፍስሱ፣ 28 ቀን ያቆዩዋቸው፣ በሠለጠነ ኃላፊ ፊት ከመከለያ ኋላ ሆነው ይተኩሱባቸው፣ ከዚያ በመጋዝ ሰንጥቀው አረሩ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደገባ ይለኩ። ውጤቱንም ለዳባትና ለሌሎቹ ወረዳዎች ያካፍሉ። እስከዚያው ድረስ የተኩስ ልምምድ የሚያዝዝ ኃላፊ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ላይ መተኮስን ይከልክል።