ነፍሰ ጡሮች የቅድመ ወሊድ ክትትል ዘግይተው የሚጀምሩባቸው ምክንያቶች

የቅድመ ወሊድ ክትትል ማለት አንዲት ሴት ከፀነሰችበት ጊዜ አንሥቶ ምጥ እስኪይዛት ድረስ በሠለጠነ ባለሙያ የሚደረግላት ምርመራ፣ ሕክምናና ምክር ነው። በጤና ጣቢያ አዋላጇ የነፍሰ ጡሯን ክብደትና የደም ግፊት ለክታ፣ ሆዷን ዳስሳ፣ የጽንሱን የልብ ምት ካዳመጠች በኋላ ደሟ ለደም ማነስ፣ ለኤችአይቪና ለቂጥኝ፣ ሽንቷም ለፕሮቲን ይመረመራል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና ደም ማነስን የሚከላከል የአይረን እንክብልም ይሰጣታል። ሕመም ሳይሰማት ከፍ ያለ የደም ግፊትና በሽንት ውስጥ የታየ ፕሮቲን፣ እናቲቱንም ጽንሱንም ሊገድል የሚችለው የእርግዝና ደም ግፊት መጀመሩን ያመለክታሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ ቢያንስ አራት የነበረውን የክትትል ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ስምንት ከፍ ሲያደርግ፣ የመጀመሪያው በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን መክሯል። በኢትዮጵያ ግን በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የታዩት ሴቶች 74 በመቶ ሲሆኑ፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት 43 በመቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ደግሞ 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ዋናው ችግር ዘግይቶ መጀመርና ጀምሮ ማቋረጥ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ውሳኔን ይመለከታል። በብዙ አካባቢ እርግዝና ከሰው ዐይን ለመጠበቅ ሲባል እስኪገፋ ድረስ ይደበቃል፤ ደጋግማ በሰላም የወለደች እናት ክትትልን ለታመመ ሰው ብቻ የሚያስፈልግ አድርጋ ልታየው ትችላለች፤ እርግዝናው ያልታቀደ ከሆነ ወይም ገንዘቡ በባል እጅ ከሆነ ደግሞ ውሳኔው ይበልጥ ይዘገያል። ሁለተኛው ርቀት ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነጻ ቢሰጥም፣ የመጓጓዣው ወጪና የባከነው የሥራ ቀን ነጻ አይደሉም። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት በአዲስ አበባ 97 በመቶ የደረሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የመታየት ሽፋን፣ አርብቶ አደሩ በሚበዛበት የሶማሌ ክልል 30 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑ ርቀት ለሚፈጥረው ልዩነት ማሳያ ነው። ሦስተኛው አቀባበል ሲሆን፣ ረጅም ሰልፍ ጠብቃ የላቦራቶሪ ግብዓት የለም የተባለች፣ ገመናዋን የሚጠብቅ መጋረጃ ያላገኘች ወይም «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ተብላ የተገሠጸች ሴት ለቀጣዩ ቀጠሮ ላትመለስ ትችላለች።

እነዚህ ምክንያቶች አንዱ ሌላውን ስለሚያባብሱ፣ የመዘግየቱን ጥፋት በእናቲቱ ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነፍሰ ጡሮችን ገና በጠዋቱ በየቤታቸው ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ ሊልኳቸው፣ ባሎችንም በምክክሩ ሊያሳትፉ ይገባል፤ ይህ ጥረት ፍሬ የሚያፈራው ግን ጤና ጣቢያው የተሟላ ምርመራና አክብሮት የተሞላበት መስተንግዶ ሲያዘጋጅ ነው።