ከቅኔ ቤት እስከ ስፌት ማሽን፦ ትምህርት ምን ዓይነት ሰው ያውጣ?

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመርቆ በጨርቃ ጨርቅና በልብስ ስፌት ሥራ ጀመረ። እንዲህ ያለ ቦታ ሲከፈት ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ፋብሪካው የሚፈልገውን ሠራተኛ ማን ያሠለጥን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሥሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሌላ ክርክር አለ፦ ትምህርት ቤት የሚቆመው ሙያተኛ ለማውጣት ነው ወይስ ሰው ለማነጽ?

ክርክሩ ጎልቶ የወጣው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ነው። ካህናቱ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለቅቃል ብለው ሰጉ። ንጉሡም መምህራኑን ከግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖች አስመጥተው ስጋቱን አበረዱት። አገሪቱ እስከዚያ ድረስ ትምህርት ቤት አልነበራትም ማለት ግን ስሕተት ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ነበራት፤ ዓላማውም ግልጽ ነበር።

የአብነት ተማሪ በፊደል ይጀምራል፤ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ ዳዊት ይደግማል። ቀጥሎ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ በመጨረሻም መጻሕፍት ቤት ይገባል። ዳዊቱን በቃሉ የያዘ ልጅ ቅኔ ቤት ሲደርስ መቀበል ብቻ አይበቃውም። ግስና አገባብ ከተማረ በኋላ ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ እሳቸውም ያርሙታል። ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ መንገር ነውር ነው፤ አዲስ ሐሳብ ማምጣት ግዴታው ነው። መጻሕፍት ቤት ሲገባ ደግሞ አንዱን የመጽሐፍ ቃል «አንድም» እየተባለ በብዙ መንገድ ሲተረጎም ይሰማል፤ ሁለትና ሦስት አስተያየት አንድ ላይ መያዝንም ይለምዳል። መቀበል፣ መፍጠር፣ መመርመር በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳሉ። ይህን ሥርዓት «ሽምደዳ ነው» ብሎ ማለፍ፣ እኔ እንደማየው፣ ንባብ ቤትን አይቶ ቅኔ ቤት ሳይደርሱ መፍረድ ነው።

አውሮፓውያንም ሰዋስውን፣ ሎጂክንና የንግግር ጥበብን በተመሳሳይ ደረጃ ያስተምሩ ነበር። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ እ.ኤ.አ. በ1947 ኦክስፎርድ ላይ ባሰማችው ንግግር፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የትምህርት ዓይነቶችን ያስተምራል እንጂ መማርን አያስተምርም ብላ ወቀሰች። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፉት ክላሲካል የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ይህን ንግግር መነሻ አድርገዋል። እነርሱ ከአሮጌ መጽሐፍ ቆፍረው የሚያወጡት ሥርዓት ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ዛሬም መምህርና ተማሪ አለው።

አዳማ ራሷ የዚህ ታሪክ አካል ናት። ናዝሬት በምትባልበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን መጽሐፍ ቅዱስንና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን አጣምሮ የሚሰጥ ባይብል አካዳሚ ከፈቱባት። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ከሚሲዮኑ ሥራ የወጣችውን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ትምህርት ቤቱንም ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የቴክኒክ ኮሌጅ አድጎ የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ ከመቶ ሰባውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መደበች። ፓርኩ የተተከለው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ አንድ ክፍል በሚቀመጡበት የስምጥ ሸለቆ ከተማ ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ሃይማኖቱ ከክፍል ሲወጣ ሰው የማነጹ ሥራ አብሮ ወጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእውቀት ጉድለቱና የመታመን ጉድለቱ በአንድ ቀን ታዩ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን መልሷል፤ መልካም ነው። በአብነት ቤት ግን ግብረ ገብ የተመደበ ክፍለ ጊዜ አልነበረውም፤ ተማሪው የሚማረው ከየኔታ ኑሮ ነበር።

የአብነቱን ሥርዓት ሳወድስ ትልቁን ጉድለቱን አልሸፍንም። ቆሎ ተማሪ ሆኖ ርቆ የሚሄደው ወንዱ ነበር፤ ለሴት በሩ ጠባብ ነበር። ዐይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ማስተማራቸው፣ ስንት ገላነሾች ሳይማሩ እንደቀሩ ያሳስበናል። በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ማሽን ላይ የሚቀመጡት ደግሞ በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው። አንድ ስፌት ብቻ የተማረች ልጅ ሥራዋ በሩቅ አገር ውሳኔ ሊናጋ ይችላል፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አሜሪካ ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል (ከአጎዋ) ስትሰረዝ አይተነዋል። ሌላ ሙያ ቶሎ የምትይዘው አንብባ መረዳት፣ አስባ መናገር የለመደች እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ይህን የማስለመድ ቅድሚያ ዕዳው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው እላለሁ። የአዳማ አጥቢያዎች ሰንበት ትምህርት ቤት አላቸው። እሑድ ከሰዓት አንድ አዳራሽ ለሠራተኞቹ ልጆች ይከፈት፤ ንባብ፣ ሰዋስውና ቅኔ ይሰጥ፤ አቅም ያላቸው የቅኔ መምህራንም ይጠሩ። ሙስሊሞቹና ፕሮቴስታንቶቹ በየራሳቸው ቤት እንዲሁ ቢያደርጉ የመንግሥትን ትምህርት ቤት ሕግ የሚነካ ነገር የለም። የሚያስፈልገው የመምህሩ ደመወዝና የልጆቹ የትራንስፖርት ሒሳብ ነው፤ ይህን ደግሞ ከምእመናን መዋጮ መሸፈን ይቻላል።