እንቅርት በኦፕራሲዮን ከተቆረጠ በኋላ ስለ መዋጥ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያለ የሚተርት ሕዝባችን፣ ችግር በችግር ላይ ሲደረብ እንደሚከብድ ያውቃል። ስለዚህ እንቅርቱን ለማስቆረጥ ያሰበ ሰው «እህል መዋጥ ያቅተኝ ይሆን?» ብሎ ቢሰጋ አይደንቀንም።

ይህ ኦፕራሲዮን በቀድሞ ዘመን እጅግ ያስፈራ ነበር። የስዊሱ ሐኪም ዶክተር ቴዎዶር ኮኸር ግን በበርን ከተማ ሥራውን በጥንቃቄ ስላሻሻሉት የሚሞተው ሰው እጅግ አነሰ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1909 ዓመትም የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። እርሳቸው የሚቀዱት ማተብ በሚያርፍበት በአንገት ግርጌ ነበር፤ መንገዱም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ዛሬ ደግሞ በብብት ወይም በታችኛው ከንፈር ውስጥ በቀጭን መሣሪያ እየገቡ፣ በአንገት ላይ ጠባሳ ሳይተዉ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ።

ነገር ግን ጠባሳው ቢሰወርም የውስጡ ሥራ አይቀርም። ሰው ሲውጥ ማንቁርቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቁስሉ ሲድን ሥጋው ከአየር ቧንቧው ጋራ ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ነርቩ ሳይነካ እንኳ ጉሮሮው የተያዘ ይመስላል። ይህ ስሜት በብዙው ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ውሃ ሲጠጣ ትን የሚለው፣ ድምፁም የሰለለበት ሰው ግን ሳይዘገይ ለሐኪም ይታይ፤ ወደ ማንቁርት የሚሄደው ነርቭ ተነክቶ ይሆናልና።

እኛም ለቤተ ሰቡ የምንመክረው፣ በሽተኛውን «ብላ እንጂ» እያሉ እንዳያስቸኩሉት፣ ለስላሳ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ እንዲያቀርቡለት ነው። በሽተኛውም አስቀድሞ ሐኪሙን ስለ ጠባሳው ብቻ ሳይሆን ስለ አዋዋጡም ይጠይቅ። መልክ ለሰው ዓይን ነው፤ ጉርሻ ግን ለነፍስ ነውና።