የጎራዴ ሳይንስ፦ ከሊማሊሞ ባሌስትራ እስከ አውሮፓ የልምምድ ሰይፍ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ገደል ወደ ታች የሚወርደው ጥምዝምዝ መንገድ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። ጭነት የያዘ መኪና በዚህ መንገድ ላይ በየጉድጓዱ ሲነጥር ከሥሩ የተነባበሩት የብረት ሰሌዳዎች ይታጠፋሉ፤ ጉድጓዱ ሲታለፍም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ሾፌሮችና መካኒኮች ይህን ክፍል ባሌስትራ ይሉታል። ባሌስትራው ሲያረጅ በአንጥረኛ እጅ ቢላዋ ወይም መጥረቢያ ሆኖ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ይህ ታጥፎ የመመለስ ጠባይ ከአንድ ጥሩ ሰይፍም የሚጠበቅ ነው።

የስሜን ተራሮች ስለ ሰይፍ ለማውራት የሚያበቃ ታሪክ አላቸው። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የስሜኑንና የትግሬውን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን በደረስጌ ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በዚያ ዘመን ሠራዊት ውስጥ ጠመንጃ ቢኖርም ጦር፣ ጎራዴና ጋሻ ገና የጦረኛው ዋና ትጥቅ ነበሩ። ጎራዴው ዛሬ በየቤቱና በየሙዚየሙ ተሰቅሎ ይገኛል። አያያዙን፣ አሰነዛዘሩንና አመካከቱን የሚያሳይ ሰው ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።

አውሮፓውያንም በአንድ ወቅት ተመሳሳይ ኪሳራ ደርሶባቸው ነበር፤ ኋላ ግን የጠፋውን መልሰው ለመሥራት ሞክረዋል። በዚህ ጽሑፍ እነርሱ ይህን እንዴት እንዳደረጉ፣ ሰይፍ በሳይንስ ዓይን ምን እንደሆነና ልምምዱ ምን ዓይነት ትጥቅ እንደሚጠይቅ እንመለከታለን። በመጨረሻም ወደ ራሳችን ጎራዴ እንመለሳለን።

መጽሐፍ ያተረፈው ጥበብ

በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በሚገኘው የነገሥታት የጦር መሣሪያ ሙዚየም አንድ የብራና መጽሐፍ አለ። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በጀርመን አገር በላቲን ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ አንድ ካህን ለደቀ መዝሙሩ በሰይፍና በትንሽ ጋሻ መመከትንና መምታትን ሲያስተምር በሥዕል ያሳያል። ጀርመናዊው የሰይፍ መምህር ዮሐንስ ሊክተናወር ደግሞ ትምህርቱን ያስተላለፈው በቃል በሚያዝ አጭርና ድብቅ ግጥም ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን ተከታዮቹ ለእያንዳንዱ ስንኝ ትርጓሜ ጻፉለት። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን አንድምታ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም። ጣልያናዊው ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪም በዚያው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ አዘጋጅቷል።

ጠመንጃ ሲስፋፋ ይህ ሁሉ ተረሳ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አልፍሬድ ሃተንና ኤገርተን ካስል የተባሉ እንግሊዛውያን አሮጌዎቹን መጻሕፍት እያነበቡ የጥንቱን አሰነዛዘር በሎንዶን ሠርተው አሳዩ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህም በብዙ አገሮች ክበቦች ተቋቁመው ጥበቡን እንደ ስፖርትና እንደ ጥናት ይለማመዱታል። ሥራቸው የቤተ ሙከራ ሥራ ይመስላል። መጽሐፉ የሚለውን ያነባሉ፣ ግምት ይወስዳሉ፣ በእንቅስቃሴ ይፈትኑታል፣ ካልሠራም ግምታቸውን ያርማሉ።

ዋናው ነገር ክብደቱ የት እንዳለ ነው

ብዙ ሰው የጥንት ሰይፍ እጅግ ከባድ እንደነበረ ያምናል። በሁለት እጅ የሚያዘው የአውሮፓ ረጅም ሰይፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ተለማማጁን የሚያደክመው ጠቅላላ ክብደቱ ሳይሆን ክብደቱ ከእጅ ያለው ርቀት ነው።

አንድ አካል እንዳይዞር የሚያሳየው እምቢታ ከመጠነ ቁሱና ከርቀቱ ካሬ ብዜት ጋር ይያያዛል። 100 ግራም ብረት ከእጃችን 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥና 90 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ እናወዳድር። ርቀቱ 9 እጥፍ ቢሆንም እምቢታው 81 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአውሮፓ አንጥረኞች ስለቱን ወደ ጫፉ እያሳሱ፣ በእጀታው መጨረሻ ደግሞ የብረት እንብርት እያደረጉ የስበት ማዕከሉን ወደ እጅ ያቀርቡ ነበር። ማዕከሉ ብዙ ጊዜ ከእጅ መከላከያው ብረት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። አንባቢም ሰይፉን በአንድ ጣት ላይ አግድም አስተኝቶ በማመጣጠን ይህን ቦታ በቀላሉ ሊያገኝ ይችላል።

ሌላም ሙከራ አለ። ወጥ ውፍረት ያለው 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዱላ ጫፉን ይዘን ድንጋይ ብንመታበት፣ ምቱ በአንዳንድ ቦታ ሲያርፍ እጃችንን ያነዝረናል፤ ከእጃችን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሲያርፍ ግን ንዝረቱ እጅግ ይቀንሳል። ይህ ቦታ የምት ማዕከል ይባላል፤ ለእንዲህ ያለ ዱላ ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው ላይ ይገኛል። ከልጅነቱ ዱላ ይዞ ያደገ የዳባት እረኛ ቀመሩን ሳይማር ቦታውን በእጁ ያውቀዋል።

ሾተል፣ ጎራዴና ጋሻ

የእኛ ሾተል በሁለት ወገን የተሳለና እንደ ማጭድ በኃይል የጎበጠ ነው። ጉብጠቱ ለጌጥ አልነበረም። ቀጥ ያለ ሰይፍ በጋሻ ሲመከት ይቆማል፤ የሾተል ጫፍ ግን የጋሻውን ጠርዝ አልፎ ከኋላው ያለውን ሰው ሊያገኝ ይችላል። ይህ ጥቅም ዋጋ ያስከፍላል። የጎበጠ ስለት የስበት ማዕከል ከእጀታው መስመር ወደ ጎን ስለሚወጣ መሣሪያው በእጅ ውስጥ ለመጠምዘዝ ይሞክራል። ስለዚህ ሾተል የያዘ ሰው ጠንካራና የሠለጠነ የእጅ አንጓ ያስፈልገዋል።

እጀታውም ሊጤን ይገባዋል። የአውሮፓው ረጅም ሰይፍ በእጅና በስለት መካከል ጣትን የሚጠብቅ መስቀለኛ ብረት አለው። የእኛ ጎራዴና ሾተል ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ ወይም እንጨት የሆነ ቀላል እጀታ ብቻ ነበራቸው። ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የእኛ ጦረኛ የእጅ መከላከያ በግራ እጁ የያዘው የቆዳ ጋሻ ነበር። ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ የነበረውም ሲመዘው ጋሻውን እንዳያደናቅፈው ነው። ሰይፍ ብቻውን ሊጠና አይችልም የምንለው ስለዚህ ነው፤ ሰይፍ፣ ጋሻና የሰውነት አቋም አንድ ሥርዓት ናቸው።

ሁለቱ ዓለማት የተገናኙበት ነጥብም አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ከጀርመኗ ዞሊንገን ከተማና ከእንግሊዝ የመጡ ብዙ ስለቶች የአገር ቤት እጀታና አፎት ተበጅቶላቸው ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳና የዐፄ ምኒልክ ስም ተቀርጾባቸዋል። ስለቱ አውሮፓዊ፣ አያያዙ ግን ኢትዮጵያዊ ነበር ማለት ነው።

የብረቱ ጠባይ

ብረት ብቻውን ለስላሳ ነው፤ በውስጡ ጥቂት ካርቦን ሲኖር የመጠንከር ችሎታ ያገኛል። አንጥረኛው ይህን ብረት ከ800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ አግሎ በዘይት ወይም በውኃ ድንገት ሲነክረው የካርቦኑ አተሞች ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኙ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ታግተው ይቀራሉ። ውጤቱ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለሆነም በመጠኑ እንደገና ይሞቃል። በዚህ ጊዜ ከጥንካሬው ጥቂት ያጣና ታጥፎ የመመለስን ጠባይ ያገኛል። ባሌስትራም የተሠራው እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንጥረኛ ባሌስትራውን አግሎ ሲቀጠቅጠው ብረቱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጠባይ ይጠፋል። በልኩ እንደገና ካልተነከረና ካልተሞቀ ወይ ታጥፎ ይቀራል፣ ወይ በምት ጊዜ ይሰበራል። ለመጥረቢያ ይህ ትንሽ ጉዳት ነው፤ ለሁለት ሰዎች ልምምድ ግን አደጋ ነው። በ1982 (እ.ኤ.አ.) በሮም በተካሄደው የዓለም የሻሞላ ሻምፒዮና የባላጋራው ስለት ተሰብሮ የሶቪየት ኅብረቱን ስመ ጥር ተወዳዳሪ ቭላድሚር ስሚርኖቭን የፊት ጭንብሉን በስቶ ገደለው። ከዚያ በኋላ የስለቱ ብረት፣ የጭንብሉ ወንፊትና የልብሱ ጨርቅ መመዘኛ እንዲጠብቅ ተደረገ።

ትጥቅ እንዴት ይመረጣል?

የመከላከያ ትጥቅ ሁሉ በሁለት ሐሳቦች ላይ ይቆማል፤ ምቱን በጊዜ ማራዘምና በስፋት ማከፋፈል። 0.3 ኪሎ ግራም የሚያህል የዱላ ክፍል በሴኮንድ 15 ሜትር እየተጓዘ መጥቶ አካላችን ላይ ቆመ እንበል። በ2 ሺሕኛ ሴኮንድ ውስጥ ከቆመ አማካይ ጉልበቱ 2,250 ኒውተን ይሆናል። ወፍራም የጥጥ ልብስ ይህን ጊዜ ወደ 10 ሺሕኛ ሴኮንድ ቢያራዝመው ጉልበቱ ወደ 450 ኒውተን ይወርዳል። ይኸው 450 ኒውተን በ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ፈንታ በ45 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ቢከፋፈል ደግሞ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚያርፈው 10 ኒውተን ብቻ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 4 እጥፍ እንደሚሆን አንርሳ። በዝግታ መለማመድ ከማንኛውም ልብስ የበለጠ መከላከያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በየበዓሉ የምናየው የጉግስ ጨዋታ ይህን ዕውቀት ይዞ የኖረ ነው። ፈረሰኞቹ በስለታም ጦር ፈንታ ዱላ ይወረውራሉ፣ በቆዳ ጋሻም ይመክታሉ። የመሣሪያውን ጠባይ ጠብቆ አደጋውን መቀነስ ይሉታል ይህ ነው።

ለጀማሪ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

መጀመሪያ የእንጨት ዱላ ብቻ ይበቃል፤ በዚህ ደረጃ የሚጠናው አቋም፣ እርምጃና ርቀት ነው። ምቱም ከሰው ርቆ በአየር ላይ ይደረጋል።

ሁለት ሰዎች ከመጋጠማቸው በፊት የሚገዛው የመጀመሪያ ዕቃ የፊት ጭንብል ነው። ሆኖም የተለመደው የሻሞላ ጭንብል የተሠራው ከ770 ግራም በታች ለሚመዝኑ የስፖርት መሣሪያዎች መሆኑን ማወቅ ይገባል። ከባድ ሰይፍ ለሚለማመድ ሰው የራስ ቅሉን የኋላ ክፍል የሚሸፍን ተጨማሪ መከላከያና ጠንካራ የጉሮሮ መከላከያ ያስፈልጉታል።

ቀጥሎ ጓንት ይመጣል። የጣት አጥንቶች ትንንሾች ስለሆኑና እጅ ለባላጋራ የቀረበ ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል። ከዚያም ወፍራም ጃኬት፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ ይከተላሉ። በልብሱ ላይ 350 ወይም 800 ኒውተን የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ቁጥሩ ጨርቁ ሳይበሳ የሚቋቋመውን ያሳያል እንጂ ምትን ምን ያህል እንደሚያለዝብ አይናገርም። ሁለቱን ማምታታት ብዙዎችን ያስታል።

የብረት መለማመጃ ሰይፍ በመጨረሻ ይገዛል። ጠርዙ ደንዛዛና ወፍራም፣ ጫፉ የተጠቀለለ ወይም የተድቦለቦለ፣ ሲወጋም የሚታጠፍና የሚመለስ መሆን አለበት። ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጡ ሰይፎች ግን ለዚህ አይሆኑም። ብዙዎቹ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ በእጀታው ውስጥ የሚገባው ክፍልም ቀጭን ሆኖ በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ስለቱ ተነቅሎ ሊበር ይችላል። የአያት ጎራዴም መለማመጃ አይደለም፤ ስለታም መሆኑ ለሰው አደገኛ ነው፣ ጉዳት ቢደርስበትም የሚተካው የለም።

ለደባርቅ ተለማማጅ አንድ ነገር እንጨምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ወፍራም ጃኬትና ጭንብል ለብሶ ቶሎ ያለከልካል። የደከመ ሰው ደግሞ እጁን መቆጣጠር ያቅተዋል። ስለዚህ ግጥሚያው አጭር፣ ዕረፍቱ ረጅም ይሁን።

የእኛ ብራና ማን ነው?

አውሮፓውያን የጠፋባቸውን መልሰው ያገኙት ተጽፎ ስለቆያቸው ነው። የእኛ የጎራዴ ጥበብ ግን በአመዛኙ ከአባት ወደ ልጅ በዓይንና በእጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ቢሆንም የቀረን ማስረጃ ጥቂት አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ የጦረኛው አቋምና አያያዝ ይታያል። በፉከራና በሽለላ ጊዜ የሚታየው የክንድና የእግር እንቅስቃሴም የዚያ ጥበብ ርዝራዥ ሊሆን ስለሚችል ሊጠና ይገባዋል።

ይህን ለመመዝገብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሚዛን፣ ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። አንድ ተማሪ በዘመድ ቤት የተሰቀለውን ጎራዴ ከባለቤቱ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሳይስለውና ሳይወለውለው፣ ክብደቱን፣ ርዝመቱን፣ ጉብጠቱንና የስበት ማዕከሉን ቢለካ፣ አረጋዊውንም «እንዴት ነበር የሚይዙት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ቢጽፍ፣ ያ ወረቀት ለሚመጣው ትውልድ እንደ ሊድሱ ብራና ይሆነዋል። ጎራዴው በግድግዳው ላይ ይቆየናል፤ አረጋዊው ግን አይቆዩንም። ስለዚህ ልኬቱ ለነገ ቢያድር እንኳ ጥያቄው ዛሬ ይጠየቅ እንላለን።