ጀሪካኑ ከውጭ፣ ማሰሮው ከውስጥ
የሰቆጣ የግቢ አትክልትና የመትከያ ዕቃ ገበያ

ባዶ የአበባ መትከያ የጫነ አይሱዙ በአብዛኛው የሚያጓጉዘው አየር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሰቆጣ ያለው መንገድ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ነዳጁ፣ የሾፌሩ አበልና በመንገድ የሚሰበረው ሲታሰብ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የሚደረደረው የሲሚንቶ ወይም የፕላስቲክ መትከያ ዋግ ኽምራ ሲገባ የቅንጦት ዕቃ ይሆናል።

ፍላጎቱ ግን የቅንጦት አይደለም። የከተማዋን ስም የያዘው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ ዓላማው ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ማስቀረት ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ቤተሰቦች በጓሯቸው አትክልትና ፍራፍሬ እንዲያለሙ ማገዝ ነው። ጓሮ ያለው መሬት ይቆፍራል። ድንጋያማ ግቢ ወይም በረንዳ ብቻ ያለው የከተማ ነዋሪ ግን አፈሩን በዕቃ መያዝ ይኖርበታል። ጥያቄው በየትኛው ዕቃ የሚለው ነው።

ሒሳቡ የውሃ ነው

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም በጋ፣ ፀሐይና ነፋስ ነው። በእንዲህ ያለ ወቅት ከአንድ ካሬ ሜትር እርጥብ አፈርና ቅጠል በቀን ከ4 እስከ 6 ሊትር ውሃ ይተናል። ሁለት ካሬ ሜትር አትክልት ያለው ቤት እንግዲህ በየቀኑ ግማሽ ጀሪካን ያህል ውሃ ለአትክልቱ መመደብ አለበት። ውሃ በሸክም ወይም በግዢ ለሚያገኝ ቤተሰብ ይህ ከዘርም ከዕቃም የበለጠ ወጪ ነው።

ሸክላ ሲመረጥ ወጪው ይጨምራል። አፉ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ መትከያ 21 ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል። የጎኑ ስፋት ሲለካ የአፉን 4 እጥፍ ይሆናል። ሸክላ ደግሞ በጎኑም ስለሚተነፍስ ውሃው በአፉ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ሁሉ ይሄዳል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ይህ ሥሩ እንዳይበሰብስ የሚረዳ መልካም ጠባይ ነው። በዋግ ግን በጋውን ሙሉ ውሃ ለነፋስ መስጠት ነው። ፕላስቲክ በጎኑ አያስወጣም።

ኪራዩን የከፈለ ዕቃ

ሰቆጣ ውስጥ የመጓጓዣ ዋጋ የማይታሰብበት ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሌላ ሸቀጥ ይዞ የመጣና ከአካባቢው አፈር የተሠራ። ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ኪራዩን ዘይቱ ከፍሎለታል። ማዳበሪያ የሚባለው ከረጢትም እንደዚሁ ነው። የእርዳታ ዘይት ጣሳም ለዓመታት በየቤቱ ሲያገለግል የኖረ ዕቃ ነው።

ሦስቱ ግን እኩል አይደሉም። ጣሳው በፀሐይ በፍጥነት ይግላል፣ ይዝጋል፤ ከጤና አዳምና ከበሶብላ በላይ አይሸከምም። ከረጢቱ ርካሽና ጥልቅ ቢሆንም ፀሐይ ላይ ከአንድ ወይም ሁለት ዓመት በኋላ እየተቆራረሰ ይፈርሳል። ጀሪካኑ ይበልጥ ይቆያል፤ አገልግሎቱም እንደ አቆራረጡ ይለያያል። በጎኑ አጋድመው አንዱን ፊት ሲቆርጡት ጥልቀቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ይህም ለሰላጣና ለቆስጣ ይበቃል። አቁመው አናቱን ብቻ ሲቆርጡት ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ይሰጣል፤ ለአንድ እግር ቲማቲም፣ ለቃሪያ ወይም ለካሮት የሚሆነው ይህ ነው። አፉ ጠባብ በመሆኑም የሚተነው ውሃ ያነሰ ነው። ሎሚ ለሚተክል ግን በርሜል ለሁለት መቁረጥ ይሻላል።

ከታች አራት ወይም አምስት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ብዙዎች ውሃ እንዲያልፍ ብለው ከሥር ጠጠር ይጨምራሉ፤ ጠጠሩ ግን ለሥሩ የሚሆነውን አፈር ከመቀነስ ውጭ አይጠቅምም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ይቆማል። ይልቁንም ዕቃውን በሁለት ድንጋይ ላይ ማሳረፍ በቂ ነው። ፀሐይ በሚመታው ጎን ኖራ መቀባት ወይም አሮጌ ከረጢት ማልበስ ሥሩን ከሙቀት ይጠብቃል።

የፀረ ተባይ ወይም የሞተር ዘይት መያዣ የነበረ ጀሪካንም ሆነ በርሜል በምንም ዋጋ አይገዛም። ታጥቦ የሚጠራ መርዝ የለም፤ ሻጩ ቀድሞ ምን እንደያዘ መናገር ካልቻለ ማለፍ ነው።

ሸክላው የሚመለስበት በር

ጀሪካን ወደ ገጠር ሲገባ መጀመሪያ ያባረረው እንስራውን ነው። ቀላል፣ የማይሰበርና ክዳን ያለው ስለሆነ የውሃ ቀጂዋን ጀርባ አሳርፏል፤ የሸክላ ሠሪዋን ገበያ ግን ወስዷል። ሸክላ እንደ መትከያ ዕቃ ከፕላስቲክ ጋር ተወዳድሮ በዋግ በጋ እንደማያሸንፍ ከላይ ያለው ሒሳብ ያሳያል። ያው የሚያስጠላው ጠባዩ፣ ውሃ በጎኑ ማስወጣቱ፣ ከአፈር ውስጥ ሲገባ ግን ሀብት ይሆናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ማሰሮ በመትከያው መካከል አፉ ብቻ እስኪታይ ይቀበራል፤ ውሃ ይሞላል፤ ይከደናል። አፈሩ ሲደርቅ ውሃውን ከማሰሮው ይስባል፤ ሲረጥብ መሳቡን ያቆማል። ይህ ዘዴ ከ2 ሺህ ዓመት በፊት በተጻፈ የቻይና የእርሻ መጽሐፍ ሳይቀር ይገኛል። ላዩ አፈር ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ የሚተነው ውሃ ይቀንሳል፤ አረሙም ያንሳል። ለተቆረጠ ጀሪካን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚይዝ፣ ለግማሽ በርሜል ደግሞ እስከ አምስት ሊትር የሚይዝ ማሰሮ ይስማማል።

ገዢው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ለወጥ የሚሆን ማሰሮ እንዳያፈስ ይሟሻል፤ ለአትክልት የሚሆነው ግን ያልተሟሸ መሆን አለበት። ፈተናውም ውሃ ሞልቶ ማሳደር ነው። ጠዋት ጎኑ ረጥቦ ከተገኘ ይሠራል፤ ደረቅ ከሆነ ለወጥ ይሁን። ድፍርስ ውሃ ቀዳዳውን ስለሚደፍን በጨርቅ አጥልሎ መሙላት ይገባል።

ለነጋዴውና ለደላላው

ከአዲስ አበባ መትከያ ጭኖ ሰቆጣ የሚሄድ ነጋዴ በኪራይ ይሸነፋል። ትርፉ ያለው እዚያው ያለውን አገናኝቶ በመሸጥ ላይ ነው፤ የተቆረጠና የተበሳ ጀሪካን፣ ያልተሟሸ ትንሽ ማሰሮ፣ ፍግ የተቀላቀለበት አፈርና የቆስጣ ወይም የቲማቲም ችግኝ በአንድነት። አፈር የሞላው ጀሪካን 30 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የሚሸጠው ለገዢው ቤት ቅርብ በሆነ ቦታ መሆን አለበት።

በአዲስ አበባ ቁራሌው ከየቤቱ የሚሰበስበውን ባዶ ዕቃ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል፤ እዚያ ዋጋ ይወጣለታል። በሰቆጣ ባዶ ጀሪካን ውሃ ስለሚቀዳበት ዋጋው አይናቅም። ስለዚህ የሚገዛው የተሰነጠቀው፣ ውሃ የማይዘው ነው፤ ለአትክልት ስንጥቁ አያሳስብም፣ ከታች ሊበሳ የነበረ ዕቃ ነውና። ማሰሮውም በአፉ ቢሸረፍ አገልግሎቱ አይቀንስም። ሸክላ ሠሪዋ በምጣድና በድስት ብቻ ከመጠበቅ ይልቅ ትንንሽ ማሰሮ በብዛት እንድትሠራ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ካገኘች፣ ጀሪካን የዘጋው በር በሌላ በኩል ሊከፈትላት ይችላል። ያን ትእዛዝ ከክረምቱ ማብቂያ በፊት የሚሰጥ ነጋዴ፣ በጋው ሲገባና ውሃው ሲወደድ ዕቃው በእጁ ይገኛል።