ሸክም በአየር ላይ፦ የተራራ ገመድ መስመር

ከአሸተን ማርያም ገዳም ቁልቁል ላሊበላን ለሚያይ ሰው ከተማዋ እዚሁ እግሩ ሥር ያለች ትመስለዋለች። መውጣትና መውረዱን የሚያውቀው ግን ጉልበቱ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በዚህ መካከል ገብስና ባቄላ ይወርዳል፣ ጨው፣ ቆርቆሮና ማዳበሪያ ይወጣል፤ ተሸካሚው አህያ፣ በቅሎና የሰው ጀርባ ነው። መሐንዲሶችና ማዕድን ቆፋሪዎች እንዲህ ላለው አገር ያበጁት መላ ጭነቱን ከመሬት አንሥቶ በገመድ ላይ መስደድ ነበር።

በ1644 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዳም ቪበ የተባለ ሆላንዳዊ መሐንዲስ በግዳንስክ ከተማ ምሽግ ለመገንባት ከኮረብታ አፈር ያጋዘው ቅርጫቶችን በምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ ገመድ አንጠልጥሎ፣ በፈረስ እያስጎተተ ነው። ያ ገመድ ግን ቃጫ ነበር። ነገሩን የለወጠው በ1834 ቪልሄልም አልበርት በጀርመን ሀርዝ ተራራ የብር ማዕድን ጉድጓዶች የሠራው የብረት ሽቦ ገመድ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድሩ ሃሊዲ በካሊፎርኒያ፣ አዶልፍ ብላይሸርት ደግሞ በላይፕሲግ ሥራውን አሳደጉት።

የብላይሸርት መስመር ሁለት ገመድ አለው። ወፍራሙ ተወጥሮ ይቆማል፤ ባልዲዎቹ በመንኮራኩር የሚንሸራተቱት በእሱ ላይ ነው። ቀጭኑ በሁለቱ ጫፎች ባሉ መዘውሮች ላይ ሳያቋርጥ እየዞረ ባልዲዎቹን ይጎትታል። ማዕድን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ሙሉው ባልዲ ሲወርድ በክብደቱ ባዶውን ወደ ላይ ይስባል። ቁልቁለቱ በቂ በሆነበት ቦታ ሞተር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጠንካራ ፍሬን ነው። ተራራው ራሱ ይሠራል።

የዚህ ሥራ ታላቅ ምሳሌ በአርጀንቲና አለ። በፋማቲና ተራራ ላይ ከ4,500 ሜትር በላይ ከሚገኘው ላ መሂካና ማዕድን እስከ ቺሌሲቶ የባቡር ጣቢያ ድረስ፣ የብላይሸርት ኩባንያ በ1900ዎቹ መጀመሪያ 35 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ዘረጋ። 262 ምሰሶዎች፣ 9 ጣቢያዎች፣ 3,500 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት! ይህ ከላሊበላ እስከ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ያለው ልዩነት እጥፍ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የምጽዋ አስመራ መስመር ነበር፤ ጣልያኖች ቴሌፌሪካ ይሉታል። ፋሺስት ጣልያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲሰናዳ የምጽዋ ወደብ በጭነት ተጨናነቀ። በ1911 አስመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ተራራውን እየተጠማዘዘ የሚወጣ 118 ኪሎ ሜትር ነው። የሚላኖው ቸሬቲ ኤ ታንፋኒ ኩባንያ የሠራው የገመድ መስመር ግን 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ በ1937 ሲያልቅ በዓለም ላይ ከነበሩት ረጃጅም መስመሮች አንዱ ሆነ። ጭነቱ ከባሕር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሚወጣ ተራራው የሚያግዘው ነገር የለም፤ ስለዚህ መስመሩ ተከፋፍሎ በየጣቢያው የናፍጣ ሞተር ይጎትተው ነበር። የምህንድስናውን ብልሃት አደንቃለሁ፤ የተሠራበትን ዓላማ ግን መርሳት አይቻልም። መስመሩ ባለቀበት ዓመት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና ላሊበላ ባለችበት በላስታ አርበኞችን እየመሩ ሲዋጉ ተሰውተዋል። ጣልያን በ1941 ከተሸነፈ በኋላ፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን መስመሩ ተነቃቀለ።

ከማዕድኑም ከወረራውም ይልቅ ለላስታ የሚቀርበው የኔፓል ገበሬዎች ሥራ ይመስለኛል። በሂማላያ መንደሮች ያለ ሞተርና ያለ መብራት የሚሠሩ አጫጭር የጭነት ገመዶች ተተክለዋል። አትክልት የጫነው ሳጥን ሲወርድ ጨውና ማዳበሪያ የያዘውን ወደ ላይ ይስባል፤ የሚወርደው ከሚወጣው በደንብ መክበድ አለበት። አንድ ሰው ፍሬኑን ይይዛል። በላስታ ደጋም ገብሱና ባቄላው ከላይ ነው፣ ገበያው ከታች ነው። ያለ ሞተር የሚሠራው ገመድ የሚጠይቀው ቁልቁለትና የሚወርድ ሸክም ከሆነ፣ ሁለቱም እዚህ አሉ።

ይህን ስል ለቱሪስት ማመላለሻ ማለቴ አይደለም። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሚታዩበት ሰማይ ላይ አንድም ምሰሶ መቆም የለበትም። ተሳላሚው በእግሩ ይውጣ። ከደጋ መንደር ወደ መኪና መንገድ ዳር የሚወርደው የገብስ ጆንያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለእሱ በሚዘረጋው ገመድ ሰው እንዳይሳፈር መከልከል፣ ሽቦው እንዳይዝግ ቅባት መቀባት፣ የተበጠሰ ክር እንዳለ በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል። ፍሬን ያዡም ደመወዙ ሳይጓደል መከፈል አለበት፤ እሱ ከሌለ ቁልቁል የሚመጣውን ጆንያ የሚያቆመው የለም።