ውሃው የት ገባ?

«ምንም የለባትም፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ብቻ ጨምርላት!»

ያገለገለችውን ፒክ አፕ የሸጠልኝ ሰው እንዲህ ነበር ያለኝ። እኔም አመንኩት። ከወንድሜ ተበድሬ በገዛኋት መኪና ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በርበሬ እያመላለስኩ፣ በየማለዳው መጀመሪያ አንድ ሃይላንድ፣ ኋላም ሁለት ሃይላንድ ውሃ አጠጣታለሁ። ውሃው የት እንደሚገባ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም!

አንድ የገበያ ቀን ዳገቱን ስንያያዘው የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነካ። ወዲያው ደግሞ ቁልቁል ወረደ። «ተመስገን!» አልኩ። ለካስ ውሃው አልቆ ነው! ሙቀት ለኪው ውሃ ውስጥ ካልሆነ ውሸታም ነው... ትንሽ እንደሄድን ኮፈኑ ጨሰ። ገበያው እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ረዳቴን «ክፈተው!» አልኩት። ልጁ ታዘዘኝ። እንፋሎቱ ክንዱን እስከ ትከሻው ላጠው።

አብረውን የነበሩት የበርበሬው ባለቤት «ምነው ልጄ! የሚንተከተክ ድስት እንኳ ፋታ ተሰጥቶት ነው የሚከፈት» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ግን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የሞተር ሙቀት ደግሞ በደህናው ቀን እንኳ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው እንዳይፈላ ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ትኩስ ሳለ ሲከፈት ግፊቱ ይለቀቅና ውሃው ባንዴ ገንፍሎ ይወጣል።

ውድ አንባቢያን፣ መኪናችሁ ውሃ ከጠጣች እንዲህ መርምሯት፦

ማታ ከሥሯ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ከረጠበ ቱቦው ወይም የውሃ ፓምፑ ያፈሳል። ከተማ ውስጥ ስትንፏቀቅ ሞቃ አስፋልት ላይ ስትሮጥ ከበረደች፣ ቬንትሌተሩንና ቺንጋውን እዩ። ዳገት ላይ ወይም ስትሮጥ ከሞቀች ራዲያተሩ በዝገት ወይም በገለባ ተደፍኖ ይሆናል። ውሃው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ እየጋለ ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም ማለት ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ፣ ዘይቱም ማኪያቶ ከመሰለ፣ የቴስታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏልና አትንዷት!

መንገድ ላይ ከጋለች ዳር ይዛችሁ አጥፏት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታገሡ፤ ክዳኑን በእጃችሁ ስትነኩት ካልበረደ ጨምሩ። ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ቴስታው ይሰነጠቃል።

የኔዋ መኪና ጥፋት ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? የክዳኑ ጎማ አልቆ ነበር! ግፊት መያዝ ስላቃተው ውሃው በየቀኑ እየፈላ ይወጣ ነበር። አዲስ ክዳን ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ቀን ገቢዬ አይበልጥም።

ረዳቴ ድኖ ዛሬም አብሮኝ ይሠራል። ጭነቱን በገመድ ሲያስር እጅጌው ከፍ ሲል ጠባሳው ይታየኛል። እሱ ረስቶታል ወይም የረሳ ይመስላል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ክዳኑን የምከፍተው ራሴ ነኝ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው!